ናፓ ልትሄዱ ነው? ዋይነሪ እንዴት እንደሚመረጥና ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ

ኦክላንድ ለሚኖር ሐበሻ እንግዳ መጣ ማለት ሦስት ቦታ ይዞ መዞር ማለት ነው። ጎልደን ጌት ድልድይ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ፣ ከዚያ ናፓ። ሁለቱ ብድግ ብሎ በመሄድ ይሆናሉ። ናፓ ግን ዋይነሪ (ወይን ጠጅ እየሠራ ጎብኚ የሚያስቀምስ ቤት) የሞላበት ሸለቆ ነው፣ እንደዛ አይሆንም። ይህን የተማርኩት አክስቴን፣ ባሏንና ሁለት ልጆቻቸውን ጭኜ ቅዳሜ ከሰዓት ያለ ቀጠሮ የሄድኩ ቀን ነው። አራት በር ላይ "ይቅርታ፣ ሞልቷል" ተባልን፣ መጨረሻ ላይ ነዳጅ ማደያ ገብተን ውሃ ገዝተን ጠጥተን ተመለስን። አክስቴ እስከ ዛሬ "ያ በሩን ያየነው አገር" ትለዋለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመላልሻለሁ። የወይን አዋቂ አይደለሁም፣ እናንተም መሆን አያስፈልጋችሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ፣ በተለይ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ምን ቀድሞ ምን አስከትሎ ማድረግ እንዳለበት ነው የምነግራችሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ሰዓቱም የአሜሪካ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ልብ በሉ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለምን ቀጠሮ?

አንዳንድ ሰው "ሲያካብዱ ነው" ይላል። አይደለም፣ ደንብ ነው። ናፓ ካውንቲ እርሻውን ከሕንፃና ከመኪና ጭንቅንቅ ለመጠበቅ ከድሮ ጀምሮ ጥብቅ ነው። በ1968 ሸለቆውን ለእርሻ ብቻ ብሎ ከለለው። በ1990 ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚከፈቱ ዋይነሪዎች ጎብኚ የሚቀበሉት በቀጠሮ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ከዚያ በፊት የነበሩት ትልልቆቹ በራቸው ክፍት ነበር፣ ከኮቪድ ወዲህ ግን እነሱም አብዛኞቹ ወደ ቀጠሮ ገብተዋል። ብዙዎቹ በቀን ስንት ሰው መቀበል እንደሚችሉ በፈቃዳቸው ላይ ተጽፎ የተሰጣቸው ናቸው። ስለዚህ በር ላይ ቆሞ መለመን አያዋጣም። አስተናጋጇ ብታዝንላችሁም ማስገባት አትችልም።

አንደኛ፦ መኪናው ውስጥ ያለው ማን ነው?

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ስመ ጥር ዋይነሪ ከመፈለግ ነው። እኔ የምላችሁ ከሰዎቹ ጀምሩ ነው። ናፓ ሸለቆ ውስጥ ከ400 በላይ ዋይነሪ አለ፣ ከዚያ ሁሉ የሚመርጥላችሁ የእንግዶቻችሁ ጠባይ ነው።

ቁጥሩን ቁረጡ። "እንመጣ ይሆናል" የሚል ሰው አይቆጠርም፣ ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም። ብዙ ቦታ አንድ ቀጠሮ የሚይዘው እስከ 6 ወይም እስከ 8 ሰው ነው፣ ከዚያ ካለፈ እንደ ቡድን ተቆጥሮ ሌላ ዋጋና ሌላ አሰራር አለው። እኛ አንዴ ለስድስት ይዘን ዘጠኝ ሆነን ደረስን። ሦስቱ ሰዎች ፓርኪንግ ላይ ቆመው ጠበቁን። የአንዷ ኩርፊያ ብቻ ስድስት ወር ፈጅቷል።

ቀጥሎ ምላሳቸውን አስቡ። አገር ቤት አክሱሚት የለመደ ሰው ጣፋጭ ቀይ ነው የሚጠብቀው። የናፓ ኩራት ደግሞ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው ቀይ ወይን ነው፣ ድራይ (ስኳር የሌለው)፣ ከበድ ያለ፣ አፍ የሚያደርቅ። ጉደር የሚወድ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አክሱሚት የሚወድ ሰው ግን 80 ዶላር ከፍላችሁለት "ይጎመዝዛል" ብሎ ብርጭቆውን ወደ እናንተ ይገፋል። እንዲህ ያለ እንግዳ ካላችሁ ጣፋጭም የሚሠራ ቦታ ምረጡ። ካስቴሎ ዲ አሞሮሳና ቪ. ሳቱዊ ከድራዩ ጋር ጣፋጭም አላቸው። ወይም ሻምፓኝ የሚመስለውን፣ አረፋ ያለውን ወይን የሚሠሩ ጋ ውሰዷቸው። እስካሁን አረፋ ያለው ቀርቦለት ፊቱን ያጨማደደ እንግዳ አላጋጠመኝም።

የማይጠጣ ሰው አለ? እስላም፣ ጴንጤ፣ ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት ላይ ያለ? ስትይዙ ንገሯቸው። አንዳንዱ ቦታ ላልጠጣም ሰው ወንበሩን ያስከፍላል፣ ሌላው በነፃ ያስቀምጣል፣ ጭማቂም ያቀርባል። ልጆች ካሉ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፣ ብዙ ዋይነሪ ከ21 ዓመት በታች ጭራሽ አያስገባም። ካስቴሎ ዲ አሞሮሳ ልጆች ከሚያስተናግዱት ነው። ድልድይና ግንብ ያለው፣ በመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ፣ 107 ክፍል ያለው ነገር ነው። ሲያዩት መቶ ዓመታት የቆየ ይመስላል፣ የተከፈተው ግን በ2007 ነው። ፎቶ ለሚወድ እንግዳ ከዚህ የተሻለ የለም።

ጾሙን ደግሞ አትርሱ። ይህን ማንም የጉዞ ድረ ገጽ አይነግራችሁም። ብዙ ቦታ ከወይኑ ጋር የሚመጣው አይብና ሥጋ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ዓቢይ ጾም ላይ ከሆነ፣ ወይም ፍልሰታ (ከነሐሴ 7 እስከ 22 በፈረንጅ)፣ ትሪው ሳይነካ ይመለሳል፣ ገንዘቡ ግን ተከፍሏል። ስትይዙ "ቪጋን" በሉ፣ ይገባቸዋል። እስከ እኩለ ቀን የሚጾም ሰው ካለ ደግሞ የጠዋት ቀጠሮ ጭራሽ አትያዙ። በባዶ ሆድ ወይን መቅመስ ቀኑን እዚያው ይጨርሰዋል። በጾም መጠጡንም የሚተው አለና ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

ሁለተኛ፦ ቀኑን መምረጥ

የወይን ለቀማው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል መሃሉ ላይ ይወድቃሉ። ያን ጊዜ አየሩ ራሱ የሚብላላ ወይን ይሸታል፣ የጭነት መኪናው ዘለላ ሞልቶ ይሄዳል፣ በጣም ያምራል። ሰዉም ያን ያህል ይበዛል፣ ዋጋውም ይወደዳል። የመስከረምና የጥቅምት ቅዳሜ ከፈለጋችሁ ከሦስት አራት ሳምንት በፊት ያዙ። በነዚህ ወራት የሰደድ እሳት ጭስ ሊመጣ እንደሚችልም አስቡ። በ2020 ግላስ የተባለው እሳት ብዙ ዋይነሪ አቃጥሏል፣ ስተርሊንግ የሚባለው ትልቁ ራሱ እስከ 2023 ተዘግቶ ቆይቷል።

ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ የሰናፍጭ ጊዜ ነው። ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ደረቅ ግንድ ብቻ ሆኖ ሲቆም በመሃሉ ቢጫ አበባ ይሞላል። አደይ አበባ ለናፈቀው ሰው መስከረም የመጣ ይመስላል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሰው የለም፣ አስተናጋጁ አይቸኩልም፣ አንዳንዴ ወይኑን የሠራው ሰውዬ ራሱ ይቀዳላችኋል።

ከሳምንቱ ቀናት ሰኞና ሐሙስ ምርጥ ናቸው። ማክሰኞና ረቡዕ ትንንሾቹ አንዳንዶቹ ይዘጋሉ። እሁድ ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ እንደርሳለን ብላችሁ የ12 ሰዓት ቀጠሮ አትያዙ፣ አትደርሱም። የ2 ሰዓቱን ያዙ።

ሦስተኛ፦ አካባቢ መቁረጥ

ናፓ ሸለቆ ከደቡብ ወደ ሰሜን 30 ማይል ገደማ ይረዝማል፣ ሰፊ የሚባለው ቦታ ላይ እንኳ ወርዱ 5 ማይል ያህል ቢሆን ነው። ከታች ናፓ ከተማ፣ ከዚያ ያንትቪል፣ ኦክቪል፣ ራዘርፎርድ፣ ሴንት ሄሊና፣ ጫፉ ላይ ካሊስቶጋ። ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ያቋርጡታል፣ በምዕራብ ሃይዌይ 29፣ በምሥራቅ ሲልቨራዶ ትሬል። በመሃላቸው አጫጭር ማገናኛዎች አሉ፣ እንደ መሰላል። 29 ከሰዓት በኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲልቨራዶ ቀለል ይላል፣ እይታውም ይበልጣል።

የብዙ ሰው ስህተት አንዱን ካሊስቶጋ፣ አንዱን ደቡብ ካርኔሮስ፣ አንዱን ተራራ ላይ መያዝ ነው። ካርታው ላይ ቅርብ ይመስላል። ቀኑን መኪና ውስጥ ትጨርሱታላችሁ። ተጎራባች ሁለት ከተማ ምረጡና ከዚያ አትውጡ። ተራራዎቹ (ሃወል ማውንቴን፣ ስፕሪንግ ማውንቴን፣ ማውንት ቪደር) ለሁለተኛ ጉዞ ይቆዩ፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ስልክም ይቆራረጣል።

አካባቢው የወይኑን ዓይነትም ይወስናል። ደቡቡ፣ ካርኔሮስ፣ ከሳን ፓብሎ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው ጉምና ነፋስ ስለሚያቀዘቅዘው ሻርዶኔ (ነጭ ወይን)፣ ፒኖ ኑዋር (ቀለል ያለ ቀይ) እና አረፋ ያለው ወይን ይወጣዋል። ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር ይሞቃል፣ ካበርኔው ይከብዳል። ከኦክላንድ ስትመጡ መጀመሪያ የምታገኙት ካርኔሮስን ነው፣ ስለዚህ ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው እዚያው ይቅር።

ሶኖማስ? ከተራራው ወዲያ ማዶ ያለው ጎረቤት ነው። ዋጋው ረገብ ይላል፣ ሰዉም ዘና ያለ ነው። ግን "ሶኖማ" ሲባል ከተማውም ካውንቲውም ነው። ካውንቲው በጣም ሰፊ ነው፣ ከሶኖማ ከተማ እስከ ሂልድስበርግ አንድ ሰዓት ገደማ ይነዳል። አንድ ዘመዴ ሁለቱን በግማሽ ሰዓት ልዩነት ይዞ ሁለተኛው አምልጦታል፣ ከነገንዘቡ። ገንዘብ ለመቆጠብ ወይም ሹፌር ስለሌላችሁ ከሆነ ሶኖማ ከተማ አደባባይ ሂዱ። በዙሪያው ብዙ የቅምሻ ክፍሎች አሉ፣ መኪናችሁን አንድ ቦታ አቁማችሁ በእግር ነው የምትዞሩት።

አራተኛ፦ ዋይነሪዎቹን መምረጥ

በቀን ሁለት። ቢበዛ ሦስት። "አምስት እናዳርሳለን" የሚል ጓደኛ ሁልጊዜ አለ፣ ሒሳቡን ንገሩት። አንድ ቅምሻ ብዙ ጊዜ አምስት ዓይነት ወይን ነው፣ እያንዳንዱ አንድ አውንስ ተኩል ገደማ። በሦስት ቦታ ሲባዛ 22 አውንስ ተኩል ይሆናል። አንድ ጠርሙስ 25 አውንስ ነው። ሦስት ቦታ የቀመሰ ሰው ሙሉ ጠርሙስ ሊጨርስ ትንሽ ነው የቀረው ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ እላለሁ። ትልቁ ለዓይን ወይም ለታሪክ ነው። ለዓይን ከሆነ ካስቴሎው፣ ወይም በአየር ላይ በገመድ መኪና የምትወጡበት ስተርሊንግ። ሁለቱም ካሊስቶጋ ናቸው። ለታሪክ ከሆነ በ1861 የተመሠረተው ቻርልስ ክሩግ፣ ወይም ከ1876 ጀምሮ ያለው ቤሪንጀር። ሁለቱም ሴንት ሄሊና።

የኔ ምርጫ ግን ሻቶ ሞንተሌና ነው። ምክንያት አለኝ። በ1976 ፓሪስ ላይ ፈረንሳውያን ዳኞች የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን ስሙ ተሸፍኖ ቀመሱ። ከነጮቹ የሞንተሌና የ1973 ሻርዶኔ አንደኛ ወጣ፣ ከቀዮቹ ደግሞ የስታግስ ሊፕ ዋይን ሴላርስ የ1973 ካበርኔ። ዳኞቹ ማመን አቃታቸው። ናፓ ዛሬ ይህን ያህል ዋጋ የሚጠራው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ያንን ሻርዶኔ የሠራው ማይክ ገርጊች ደግሞ ከክሮኤሺያ የመጣ ስደተኛ ነው፣ በኋላ የራሱን ዋይነሪ ራዘርፎርድ ላይ ከፍቷል። ይህን ታሪክ መኪና ውስጥ ለእንግዶቻችሁ ንገሩ። ለአጎቴ ስነግረው መቅመሱን ትቶ ስለ ስደተኛው ሲጠይቅ ዋለ።

ትንሹ ደግሞ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ይሁን። እንዴት ይታወቃል? በዓመት ስንት ካርቶን እንደሚያመርቱ እዩ (አንድ ካርቶን 12 ጠርሙስ ነው)። ሁለት ሦስት ሺህ ካርቶን የሚል ካያችሁ ትንሽ ነው። ሱፐርማርኬት የማታገኙት ወይን ቢሆን ይመረጣል፣ ሴፍዌይ መደርደሪያ ላይ ያለውን ለመቅመስ አንድ ሰዓት መንዳት ምን ያደርጋል? ናፓ ሸለቆ ውስጥ የመጀመሪያው የጥቁሮች ንብረት የሆነውን ብራውን እስቴትንም አስቡበት። ዚንፋንዴል በሚባለው ቀይ ወይን ይታወቃሉ፣ የቅምሻ ክፍላቸው ናፓ ከተማ መሃል ስለሆነ ለመድረስ ቀላል ነው።

በነገራችን ላይ ከእንግዶቻችሁ አንዱ "ከኛ ጠጅ የሚመስል የለም እንዴ?" ማለቱ አይቀርም። ናፓ ውስጥ አትፈልጉ። ግን በሌላ ቀን ወደ ውቅያኖሱ ዳር፣ ፖይንት ሬይስ ስቴሽን ብትወስዱት ሃይድሩን የሚባል ከማር ብቻ አረፋ ያለው መጠጥ የሚሠራ ቤት አለ። ጌሾ የለውም። አጎቴ "ጠጅ አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው" ብሎ ሁለት ጠርሙስ ገዛ።

አምስተኛ፦ ቀጠሮውን መያዝ

የዋይነሪው የራሱ ድረ ገጽ ላይ ግቡ፣ የጉብኝት ገጹን ክፈቱ። ብዙዎቹ ቶክ ወይም ሴላርፓስ ወደሚባሉት የቀጠሮ መያዣ ድረ ገጾች ይወስዷችኋል፣ ችግር የለም። የሰው ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት ስትሞሉ የቅምሻ ዓይነቶች ይመጣሉ። ዋጋው ከፍ ያለው ሁሉ የተሻለ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተራው ይበቃል፣ የወይን ማቆያ ጓዳውንና እርሻውን ማየት ከፈለጋችሁ ጉብኝት ያለበትን ምረጡ። በርሜል ተደርድሮ ማየት ለእንግዳ ከስድስተኛው ብርጭቆ ይበልጥበታል።

ዋጋውን በግምት ልንገራችሁ፦ ናፓ ውስጥ ተራው ቅምሻ በሰው ከ40 እና 50 ዶላር ይነሳል፣ 75 እና 100 ዶላርም እንግዳ ነገር አይደለም። አራት ሰው፣ ሁለት ቦታ፣ በ60 ቢታሰብ 480 ዶላር ነው፣ ምሳ ሳይጨምር። ይህን አስቀድማችሁ እወቁት፣ ምክንያቱም እንግዳ ማስከፈል ለኛ የሚሞከር ነገር አይደለም። ለሁለት ሰው አንድ ቅምሻ መካፈል የሚፈቅዱ አሉ፣ በኢሜይል ጠይቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት የስረዛ ደንቡን አንብቡ። ብዙዎቹ ካርድ ቀድመው ያስከፍላሉ፣ ለመሰረዝ ከ24 እስከ 72 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ይጠይቃሉ። መዘግየትስ? አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ ቦታችሁን ለሌላ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ለእንግዶች የሚነገረው ሰዓትና ለራሳችሁ የምትይዙት ሰዓት የተለያየ ይሁን። እኔ አርባ አምስት ደቂቃ እቀንሳለሁ፣ ማንም እስካሁን አልነቃም፣ ይህን እስኪያነቡ ድረስ።

እና ያ የሰዓት ጉዳይ። "ቀጠሯችን አራት ሰዓት ነው" ብዬ ለአንድ ከአዲስ አበባ ለመጣ እንግዳ ነገርኩት። እኔ ያልኩት ከሰዓት 4 ነው። እሱ ጠዋት ለባብሶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ዋለ።

የቀኑ አሰላለፍ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ የመጀመሪያው 10፡30፣ ምሳ 12፡30፣ ሁለተኛው 2፡30። አንዱ ቅምሻ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ጉብኝት ካለው ሁለት። አብዛኞቹ 5 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ምሳ ቁም ነገር ነው፣ አትዝለሉት። ብዙ ዋይነሪ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቅድም። ቪ. ሳቱዊ ግን ሣር ላይ ቁጭ ብሎ የሚበላበት ሰፊ ቦታ አለው፣ እዚያው ካለው ሱቅ ገዝታችሁ ትበላላችሁ። ናፓ ከተማ ያለው ኦክስቦው ገበያም ሁሉን ዓይነት ምግብ አለው፣ ጾመኛም ፍስከኛም የሚበላው አያጣም።

ስድስተኛ፦ መኪናውን ማን ይነዳል?

ይህን ከቀጠሮው ጋር አብራችሁ ጨርሱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገደቡ 0.08 ነው፣ ያንን የጠርሙስ ሒሳብ ደግሞ አይታችኋል። ወይ አንድ ሰው ጭራሽ አይቀምስም፣ ወይ ሹፌር ትቀጥራላችሁ። የራሳችሁን መኪና በሰዓት ተከፍሎት የሚነዳላችሁ ሰው ይገኛል፣ አሥር ከሆናችሁ ሚኒባስ ከነሹፌሩ ለነፍስ ወከፍ ሲካፈሉት አይከብድም። ኡበር ናፓ ከተማ አካባቢ ይሠራል፣ ወደ ሰሜንና ወደ ተራራው ግን ማምሻውን ላታገኙ ትችላላችሁ። የተከፈተ ጠርሙስ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አይኑር፣ ሕገ ወጥ ነው፣ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ይግባ።

መትፋት ነውር አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ዕቃ ለዚያ ነው። የኛ ሰው ይከብደዋል፣ "የሰው ጠጅ ተፍቶ!" ይላል። ባለሙያዎቹ ሁሉ ይተፋሉ። ካልሆነላችሁ ብርጭቆው ላይ የቀረውን እዚያው ድፉት።

ሰባተኛ፦ የዕለቱ ነገር

ጠዋት ፍርፍር በልታችሁ ውጡ። ፓስፖርት ያዙ። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሃያ አንድ ዓመት መሙላቱን የቀበሌ መታወቂያ አያስረዳለትም፣ የልደት ቀኑም በኛ አቆጣጠር ስለሆነ አስተናጋጁን ግራ ያጋባዋል። ሽቶ አትቀቡ፣ ይህን ለእህቶቻችን በጨዋነት ንገሩልኝ። ግማሹ ቅምሻ በአፍንጫ ነው፣ የአንድ ሰው ሽቶ የጎረቤት ጠረጴዛን ሁሉ ያበላሻል። ጫማው ዝቅ ያለ ይሁን፣ ጠጠር ነው። ጠዋት ጉም ነው ይበርዳል፣ ከሰዓት በበጋ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ደረብ አድርጋችሁ ሂዱ።

ስትቀመጡ ለአስተናጋጁ ምን እንደምትወዱ በግልጽ ንገሩ። "ጣፋጭ እወዳለሁ" ማለት አያሳፍርም። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር ከጓዳ አውጥተው ሲቀዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስምንተኛ፦ መግዛትና ይሉኝታ

መጨረሻ ላይ የክለብ ወረቀት ይመጣል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወይን እየላኩ ካርዳችሁን የሚያስከፍሉበት ነው። ይሉኝታ ይዟችሁ አትፈርሙ። እኔ ፈርሜ አውቃለሁ፣ ሰውዬው ደግ ስለነበረ ብቻ። "ዛሬ አይሆንልንም፣ እናመሰግናለን" ይበቃል፣ አይቀየሙም። አለመግዛትም መብት ነው፣ ለቅምሻው ከፍላችኋል። ልትገዙ ከሆነ ግን ስንት ጠርሙስ ከወሰዳችሁ የቅምሻው ዋጋ እንደሚቀነስ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ጋ አለ፣ ሳትጠይቁ ግን ሁልጊዜ አይነገራችሁም። ቲፕ ግዴታ አይደለም፣ ጥሩ ላስተናገደ ሰው ትንሽ መተው የተለመደ ነው።

እንግዳው ወደ አገር ቤት ሊወስድ ከፈለገ ወይን የአልኮል መጠኑ ከ24 በመቶ በታች ስለሆነ በሚጫነው ሻንጣ ላይ የአሜሪካ የአየር ጉዞ ደንብ የመጠን ገደብ የለበትም። የሻንጣው ክብደትና ሲደርስ ያለው ጉምሩክ ግን ሌላ ነው፣ ቀድሞ ይጠይቅ። በጋቢ መጠቅለል ይሠራል፣ ሞክረነዋል። እስከዚያ ግን ወይኑን መኪና ውስጥ ትታችሁ ምሳ አትግቡ። በበጋ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ ቡሹ ይነሳና ወይኑ የተቀቀለ ይመስላል። በረዶ መያዣ ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ፍሪጅ ላይ አትደርድሩት፣ እዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ሙቀት አለ። አልጋ ሥር አጋድማችሁ አስቀምጡት።